ደሴ ላይ የተጠገነችው ጀልባ

ይህን ታሪክ ደሴ ፒያሳ፣ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው አለ። በእሱ አወራር ጀልባዋን ያገኛት እሱ ነው፤ የጠገናት እሱ ነው፤ ልጄን ከውሃ ያወጣትም እሱ ነው። እኔ ወሬው ውስጥ የምገባው መጨረሻ ላይ፣ ዳር ቆሜ ስጮህ ብቻ ነው። ብዙ ዓመት ዝም አልኩ። ሰው ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ቆጠረው፤ ጨዋነት አልነበረም። አሁን ስድሳን አልፌያለሁ፣ ጣቶቼም ብሩሽ አይጨብጡም። እንድታዝኑልኝ ብዬ አልጽፍም። እንዳለ እንዲታወቅ ብዬ ነው። የማልነግራችሁም ነገር ይኖራል፤ እሱ የእኔ ነው።

ያኔ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ነበርኩ። ባሌ ይማም ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ራህመት የምትባል አንድ ልጅ አለችኝ፤ ሃያ ዓመቷ ነበር፣ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ አጥታ እቤት ተቀምጣለች። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው።

ሙያዬ ፋይበር ግላስ ነው። በደርግ ጊዜ አንድ የመንግሥት ወርክሾፕ ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የውሃ ታንከር፣ የመኪና ኮፈን፣ አንዳንዴም ከደሴ ወዲያ ካለው ከሐይቅ የሚመጣ ጀልባ። ለማያውቀው ላስረዳ። ፋይበር ማለት እንደ ባዘቶ የሳሳ የመስታወት ክር ምንጣፍ ነው። እሱን ሬዚን በሚባል ማር በሚመስል ፈሳሽ እያራሱ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባሉ። ሬዚኑ ውስጥ ማጠንከሪያ ይጨመርበታል። ማጠንከሪያው ካነሰ ሥራው ሳይበስል ይቀራል፤ ከበዛ ይጋላል፣ ይሰነጠቃል። ሙያው ያለው ልኬቱ ላይ ነው። የቀረው ጉልበት ነው።

ያን ልኬት ወርክሾፑ ውስጥ ለሦስት ወንዶች አስተማርኩ። አለቃችን «አስተምሪያቸው፣ ነገ አንቺን ያሳርፉሻል» አለኝ። እውነትም አሳረፉኝ። መንግሥት ሲለወጥ ቅነሳ መጣ፤ የተቀነስኩት እኔ ነኝ፣ የቀሩት እነሱ። ከዚያ ወዲህ ልኬቴን ለማንም ላለማሳየት ማልኩ። በተከራየሁት ግቢ ሸራ ወጥሬ የሰው ታንከርና ባልዲ ስጠግን፣ ማጠንከሪያውን የምጨምረው ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ነበር።

ጀልባዋን ያገኘኋት እኔ ነኝ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ገበሬ የተሰበረ በርሜል ልጠግንላቸው ጠርተውኝ ሄድኩ። ከብቶቻቸው የሚጠጡበትን ገንዳ ሳይ እግሬ ቆመ።

«ጋሽ መኮንን፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«ምኑን? ገንዳውን? አባቴ ናቸው ያመጡት። የመኳንንት ነበር ይላሉ። ሐይቅ ላይ ይንሸራሸሩበት ነበር አሉ። እንግዲህ የእኔ ላሞች እንደ መኳንንት በመርከብ ነው የሚጠጡት» ብለው ሳቁ።

ተንበርክኬ በጥፍሬ ፋቅኳት። ከአረንጓዴው አተላና በላይዋ ከተቀባው የግድግዳ ቀለም ሥር ሰማያዊ ወጣ፣ ከሰማያዊው ሥር ቀጭን ወርቃማ መስመር። ከእሷ በኋላ እንደተሠሩት ጀልባዎች ስስ አልነበረችም፤ ፋይበሩ በእጅ ተደርቦ ተደርቦ ጣት የሚያህል ውፍረት ነበረው። ወርክሾፑ ሳለሁ የእሷን ቢጤ አንዲት ጀልባ ጠግነን ነበር፤ ሐይቁ ላይ በንጉሡ ጊዜ የነበሩት ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱ ተሰባብረው አልቀዋል ይባል ነበር። ሦስተኛዋ ይቺው። ላሞች ይጠጡባታል።

ጋሽ መኮንን ገንዳቸውን አልሰጥም አሉ። «ከብቴ በምን ይጠጣ?» አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ከእሷ የሚበልጥ የፋይበር ገንዳ ሠርቼ አመጣሁላቸውና ተለዋወጥን። በአህያ ጋሪ ጎትቼ ስገባ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አየኝ። «ዘይነባ ባሕር የሌለበት አገር መርከብ ገዛች» እያለ ሲስቅ ዋለ።

አምስት ወር ሠራኋት። መጀመሪያ ገልብጬ ፀሐይ ላይ ተውኳት፤ የዓመታት ውሃ በግድግዳዋ ውስጥ ሰርጎ ስለነበር ካልደረቀ ምንም አይይዝም። ከዚያ የበሰበሰውን አንድ በአንድ ፋቅሁ። የመስታወቱ ብናኝ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ ያሳክካል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው የሚታጠቡት፣ ሙቅ ውሃ ቆዳን ከፍቶ ያስገባዋል። ከኋላ ሞተር የሚታሰርበት ሳንቃ እንደ ዳቦ ይፈረፈር ነበር፤ አውጥቼ ሌላ ከተትኩ። ወርቃማዋን መስመር በትንሽ ብሩሽ፣ ትንፋሼን ይዤ መለስኳት።

ሰዒድ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ጋራዥ ነበረው። ሐቁን አልክድም፤ የጀልባዋን ሞተር ፈልጎ ያገኘው፣ ያስነሳውም እሱ ነው። ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። እኔም እንደሚያየኝ አውቅ ነበር።

ወቅቱ «ተደራጁ» የሚባልበት ጊዜ ነው። ማኅበር መሥርቶ ጥሩ ሥራ ላሳየ ሼድ ይሰጠዋል ተባለ። የእኔ የግቢ አከራይ ደግሞ የሬዚኑ ሽታ ልጆቼን አሳመመብኝ ብላ እስከ መስከረም እንድለቅ ነግራኛለች። ሼድ ካላገኘሁ ሙያዬ እዚያው ያበቃል። ሰዒድ «እትዬ ዘይነባ፣ አንቺ ሥራውን ሥሪ፣ ወረቀቱን ለእኔ ተይው። ሼዱ ኮምቦልቻ ይሆናል፣ የወርክሾፑ ኃላፊ አንቺ ነሽ» አለኝ። ለራህመትም የጸሐፊነት ቦታ ተስፋ ሰጣት። እሷ ደስ ብሏት ደሴ እሱ ቤት ሰነበተች። ስትሄድ «ጠንቀቅ በይ፣ የሰው ተስፋ ነው» ብላት፣ «እማ፣ አንቺ ሰው አታምኚም። ለዚህ ነው ብቻሽን የቀረሽው» አለችኝ።

በነሐሴ መጨረሻ ደሴ ላይ የአዲስ ዓመት ባዛር ነበረ። ጀልባዋ እዚያ ትታይና በማግስቱ ሐይቅ ላይ እንግዶች ባሉበት ትንሳፈፋለች ተባለ። በአይሱዙ ጭነው ወሰዷት። ሁለት ቀን ቆይቼ በሚኒባስ ተከተልኩ።

ደሴ ጉም ውስጥ ነበረች። ባዛሩ ጋ ስደርስ ሕዝብ ከቧታል፣ ታምራለች። ቀረብ ስል ግን አፍንጫዬ ነገረኝ። የበሰለ ፋይበር አይሸትም። ይቺ ትሸታለች። ጎንበስ ብዬ ከኋላዋ ሥር አየሁ፤ ክንድ የሚያህል ቦታ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ከቦርሳዬ ሳንቲም አውጥቼ አንኳኳሁ። የበሰለ ቦታ እንደ ሸክላ ይጮኻል። እዚያ ሲደርስ ድምፁ እንደ ሊጥ ታፈነ።

«ሰዒድ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ሥሯ። ተሰብራለች?»

«ትንሽ ጭረት ናት። ሲያወርዷት ገመዱ አመለጣቸውና ድንጋይ ነካት። ትናንት ከሰዓት ጠገንኳት። እስቲ እይው፣ ከአንቺ ጥገና ይለያል?»

«ማጠንከሪያ ስንት አደረግህ?»

ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ለአንድ ጣሳ ሁለት ክዳን። ከራስሽ ነው የቀዳሁት። በር ላይ ቆሜ ስንቴ ቆጠርኩሽ መሰለሽ?»

እውነቱን ነው፣ ለአንድ ጣሳ ሁለት ክዳን ነው። ኮምቦልቻ ላይ። በፀሐይ፣ በሙቀት። ደሴ በነሐሴ ጉም ሌላ ነው፤ ፋይበሩ ራሱ እርጥበት ይጠጣል፣ ሬዚኑ በብርድ ይተኛል። ልኬቱ ይጨምራል፣ ቦታው በከሰል ይሞቃል፣ እንዲያም ሆኖ ቀናት ይፈልጋል። ሁለቱን ከተሞች በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይለያቸውም፤ ለሬዚን ግን ሁለት አገር ናቸው። ሰዒድ ክዳኑን ቆጠረ እንጂ አየሩን አልቆጠረም። ማን ይንገረው? እኔ ለማንም አልነገርኩም።

«አልበሰለም» አልኩት። «ላዩ እንዳይጣበቅ ፓውደር ነስንሰህ ቀለም ቀባኸው እንጂ ውስጡ ጥሬ ነው። ኮምቦልቻ እናውርዳት። ፍቄ እደግመዋለሁ፣ ሁለት ፀሐይ ይበቃኛል።»

«ነገ እንግዳ ተጠርቷል እኮ! በግ ተገዝቷል!»

«በጉ ይጠብቃል።»

«ኃላፊው አይጠብቅም!»

ኃላፊው እዚያው ነበር፤ የማኅበራቱን ጉዳይ የሚይዝ፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰካ ጎልማሳ። «ምን ተፈጠረ እናታችን?» አለ።

ሰዒድ ቀደመኝ። «ምንም አይደል። ወረቀቱ ላይ ስሟ ዝቅ ብሎ ስለተጻፈ ከፍቷት ነው።»

የቆሙት ሳቁ። እኔ ስለ ወረቀት ምንም አላውቅም ነበር። «እስቲ ወረቀቱን» አልኩ። ኃላፊው ፋይሉን ገልጦ አሳየኝ። ሰዒድ ሊቀ መንበርና የቴክኒክ ኃላፊ። ከዚያ የጋራዡ ልጆች ተደርድረዋል። መጨረሻ ላይ፦ ዘይነባ፣ ጽዳትና ምግብ አቅርቦት።

«ይቺን ጀልባ የሠራኋት እኔ ነኝ» አልኩ።

«እናታችን፣ የቡድን ሥራ ነው» አለ ኃላፊው። «ግለኝነት ወደ ኋላ ይጎትተናል። ቴክኒኩን ለባለሙያዎቹ ይተዉላቸው።»

አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልናገርም አልኩ በልቤ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖር ዘመዴ ቤት ሄጄ አደርኩ። ያን ዕለት ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ከነገርኳችሁ አይቀር። ሰዒድ ያደገው ሐይቅ ዳር ነው፤ ዋና ያውቃል። ብቻውን ይነዳል፣ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ውሃ ይገባበታል፤ ሱፉን እንደለበሰ ርሶ፣ እንግዳው ሁሉ እያየው ይወጣል። ያኔ ባለሙያው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ይህ ታየኝና ደስ አለኝ። እየሳቅሁ ነው የተኛሁት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሐይቅ ዳር ተሰበሰብን። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ በጉ ታርዷል። ሸህ አወል የሚባሉ፣ ይማምንም የቀበሩልኝ አዛውንት ዱዓ እንዲያደርጉ ተጠርተዋል። በእኛ ዘንድ ዱዓ ከመደረጉ በፊት ሰው እርስ በርሱ አፉ ይባባላል፤ ይቅር ይባባላል። ቂም የተያዘበት ዱዓ አይወጣም። ክርስቲያኑም እዚያ ካለ እኩል ይባባላል፤ ወሎ ነው።

«ሁላችሁም አፉ ተባባሉ» አሉ ሸህ አወል። «በሆዱ ነገር የያዘ ካለ አሁን ያውጣው። ውሃ ላይ ነው የምንሄደው፣ ውሃ ቀልድ የለውም።»

ሰዒድ ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ኃላፊው እንዲሰማ። «እትዬ ዘይነባ፣ አፉ በይኝ። ትናንት አስቀይሜሻለሁ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኩ።

ሸህ አወል አዩኝ። «ከልብሽ ነው ዘይነባ? የቀረ ነገር የለም?»

«የለም፣ ሸኽዬ።»

ሰው ሁሉ አሚን አለ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። ያን እጅ ይዤ ነው እስካሁን የምኖረው።

ጀልባዋን ገፏት። ሰዒድ ገብቶ ገመዱን አንዴ ሲስበው ሞተሩ ተነሳ። እልልታው ቀለጠ። ዳር ዳሩን ቀስ ብሎ አንድ ዙር ዞረ፣ ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ተናደድኩ። ምናልባት በስሎ ይሆን? ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? ከዚያ ተመልሶ ዳር ተጠጋ።

«አንድ ወጣት ይውጣ፣ ለፎቶ» አለ ኃላፊው።

«ራህመት! ነይ ግቢ!» አለ ሰዒድ።

ከሴቶቹ መሀል ነጭ ሻርፕ የለበሰች ልጅ ስትሮጥ አየሁ። ልጄ ናት። እግሯን ጀልባዋ ላይ ስታደርግ እኔ ገና ከምንጣፉ ልነሳ ነበር።

«ራህመት፣ ውረጂ! ውረጂ ብያለሁ!»

ሞተሩ ይጮኻል፣ እልልታው ይጮኻል። እየሮጥኩ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ከኋላዬ አንዷ «አሁን ደግሞ በልጇ ቀናች» ስትል ሰማኋት። ራህመት ዞር ብላ አየችኝ፤ የምሰናበታት መስሏት እጇን አወዛወዘችልኝ።

ሰዒድ ለእንግዶቹ ፍጥነት ሊያሳይ ሞተሩን ለቀቀው። የጀልባዋ ፊት ተነሳ፣ ክብደቷ ሁሉ ወደ ኋላ ሄደ፤ ውሃው ሥሯን፣ ያችን ክንድ የምታህል ቦታ ይደበድባት ጀመር። ይህን ከዳር ሆኜ በዓይኔ እያየሁ፣ የሚሆነውን ከመሆኑ በፊት አውቀው ነበር። መጀመሪያ ድምፁ ተለወጠ። ከዚያ ኋላዋ ዝቅ አለ። ከዚያ ራህመት ተነስታ ቆመች።

ዳር ያሉት አሁንም ያጨበጭባሉ።

ሰዒድ ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ዋኘም። ወደ ዳር ነው የዋኘው። አንዴም ዞር አላለም። ፒያሳ ላይ የማያወራው ይህን ነው። ልጄን ያወጣት መረቡን ሊሰበስብ የወጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ታንኳውን እየቀዘፈ ደርሶ፣ ነጩን ሻርፕ ከውሃው ላይ አይቶ፣ በፀጉሯ ጎትቶ አወጣት። ስሙን ጠይቄው ነግሮኛል። እዚህ አልጽፈውም፤ ሰዒድ የማያውቀው አንድ ነገር ይኑረኝ።

ዳር አስተኝተናት ብዙ ውሃ አስታወከች። ጋቢ ደረብኩባት። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ዓይኗን ገለጠች። ሰዒድ እዚያው አጠገባችን ቆሞ፣ ሱፉ እየተንጠባጠበ፣ ለኃላፊው «ሞተሩ ነው ያስቸገረን» ይላል። ያኔ መቻል አቃተኝ።

«ሞተሩ አይደለም! ጥሬ ነው ብዬሃለሁ! ትናንት በሕዝብ ፊት ነግሬሃለሁ!»

ራህመት አየችኝ። «እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ነግሬዋለሁ ልጄ። ሰው እየሰማ ለአጎትሽ ነግሬዋለሁ።»

«ለእኔስ?»

መልስ የለኝም ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር፤ ዝም ማለት ሲያስፈልግ ደግሞ አፌ ተከፈተ።

«ጀልባዋ ላይ እሱ ብቻ የሚወጣ መስሎኝ ነበር» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ሸህ አወል ከኋላዬ ቆመው ነበር። እሳቸውም ሰሙ። ሰዒድ ሰማ፣ ኃላፊው ሰማ። ሸህ አወል ከዘራቸውን አንስተው፣ ከበጉ ሳይቀምሱ፣ ወደ አስፋልቱ ወጡ። በኋላ ብዙ ጊዜ በመንገድ ተገናኝተናል፤ ሰላምታዬን ይመልሱልኛል፣ ቆመው ግን አያውቁም።

ጀልባዋ ሐይቁ ሥር ቀረች። እሷን የሚያወጣ ሰው በአገሩ የለም። ሼዱ ለሌላ ማኅበር ተሰጠ። እኔ መስከረም ላይ ግቢውን ለቀቅሁ፣ ዕቃዬን ሸጥኩ፣ ከዚያ በኋላ ብሩሽ አልነካሁም።

እናንተ አንባቢዎች አሁን የምትሉትን አውቃለሁ። ጥፋቱ የእሷ ነው የሚል ይኖራል። አይደለም። ያስተማርኳቸው ወንዶች ቦታዬን ባይወስዱ ልኬቴን አልደብቅም ነበር። ሰዒድ ሌባ ባይሆን ሳይጠይቀኝ አይጠግንም ነበር። ያ ኃላፊ ለአንድ ደቂቃ ሰምቶኝ ቢሆን ሁለት ፀሐይ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። እነዚህን ሁሉ ስማቸውን እየጠራሁ ዛሬም እከሳቸዋለሁ፤ በክሴም እውነት አለኝ። የቸገረኝ ሌላ ነው። ሸህ አወል የቀረ ነገር አለ ወይ ብለው የጠየቁት ማንንም አይደለም፣ እኔን ነው። እዚያች ላይ የምከሰው ሰው አጣሁ። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ፈልጌ አጣሁ።

ለሰዒድ ዛሬም አፉ አላልኩትም። እዚያ ያልኩት አይቆጠርም። ስትታረቁ ከልባችሁ ካልሆነ አትታረቁ፤ ጠላት ሆናችሁ ብትቀሩ ይሻላል። እኔ ግልጽ ጠላቱ ብሆን ኖሮ ያን ቀን ጀልባዋ ሳትገፋ ከምንጣፉ ተነስቼ እጮህ ነበር።

ራህመት ደሴ አግብታ ትኖራለች። ሁለት ልጆች አሏት። በዒድ እሄዳለሁ፤ እጄን ትስማለች፣ ታበላኛለች፣ በር ድረስ ትሸኘኛለች። የሚጎድል ነገር የለም። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስታ አታውቅም።

ባለፈው ዒድ ታናሿ ልጇ፣ የሰባት ዓመቷ፣ «ከአያቴ ጋር ኮምቦልቻ ሄጄ ልሰንብት» ብላ አለቀሰች። ልብሷን በፌስታል ራሷ ጠቅልላ፣ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ትምጣ እስቲ» አልኩ። «ሦስት ቀን ነው። ራሴ እመልሳታለሁ።»

ራህመት የልጇን ጫማ አየት አድርጋ፣ «እማ፣ ቤትሽ ወንዝ አጠገብ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። ወንዙ ሩቅ ነው፣ ታውቂዋለሽ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቢሆንም።»

ከዚያ ልጇ ፊት ተንበረከከችና የጫማዋን ማሰሪያ አንድ በአንድ ፈታች። ልጅቷ እያለቀሰች እኔን ታየኛለች፣ የምናገርላት መስሏት።